መግል ስለሚወጣው ጆሮ

ከሕፃን ጆሮ መግል ሲወጣ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋንን ተከትሎ ይነሣል፤ ይኸውም የጆሮውን መካከለኛ ክፍል ከጉሮሮ ጋራ የሚያገናኘው ቧንቧ በሕፃናት ዘንድ አጭርና አግድም ስለ ሆነ፥ ተሕዋስያን በቀላሉ ያልፉበታል። ሕፃኑን ያተኩሰዋል፥ ጆሮውን እየነካ ያለቅሳል፤ ታምቡሩ ሲበሳ መግል ይፈሳል፥ ሕመሙም ጋብ ይላል። ይህ ግን መዳን አይደለም።

በጌዴኦ ዞን ገጠርም ሆነ በዲላ ከተማ፥ ሕፃኑን የሚመረምር የጤና ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መግሉ ከጀመረ ስንት ቀን ሆነው?» ብሎ ነው። ከ14 ቀን ያነሰ እንደ ሆነ አሞክሲሲሊን በአፍ ይታዘዛል፤ 14 ቀን የሞላው ወይም ያለፈው እንደ ሆነ ግን፥ በንጹሕ ጨርቅ ጥምዝ በቀን 3 ጊዜ እያደረቁ የታዘዘውን የጆሮ ጠብታ ለ2 ሳምንት መጨመር ነው። ዘይትና የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ አይገባም። ከጆሮው ኋላ ካበጠ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይወሰድ።

ከእኛም ብዙዎቻችን መምህራን ሆነን እንወጣለን። በክፍል «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ያልሰማ ሊሆን ይችላልና፥ ከመገሠጻችን በፊት ጆሮውን እናስመርምርለት።