ኮድ መያዝና ኮድ ማስነሳት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ላይ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለዋና ከተማዋ ውሃ መስጠት ከጀመረ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ውሃው ከግድቡ ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከዚያም ወደ ቤት ቧንቧ ይሄዳል። ላይ የተበላሸው የሚታወቀው ታች ነው፤ ቧንቧው ሲደርቅ። ትልቅ ሶፍትዌርም እንዲሁ በተራ ይገነባል። በሺህ የሚቆጠሩ የኮድ ፋይሎች ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚለወጡት፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በሚያውቅ መሣሪያ ነው፤ ባለሙያዎቹ ቢልድ ሲስተም ይሉታል። ይህን የግንባታ መመሪያ እንደ ትርፍ ሥራ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን አንድ ሶፍትዌር የእኛ ሆኗል የምለው፣ ምንም ካልተጫነበት ማሽን ተነስተን ልንገነባው ስንችል ነው። መገንባት ያልቻለ መጠገንም አይችልም።

መሣሪያዎቹ አዲስ አይደሉም። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ሜክ ፋይሎች የተለወጡበትን ሰዓት እያየ የተለወጠውን ብቻ እንደገና ይገነባል። ሲሜክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጣ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለውንና የጎደለውን አስቀድሞ ይፈትሻል።

የእኛው ምሳሌ አዲስ አበባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ወጣት ኢትዮጵያውያን ፕሮግራመሮችን ኦፕንኮግ በተባለው ዓለም አቀፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮጀክት ላይ አሰማርቷል። ኦፕንኮግ የአንድ ክፍል ሥራ አይደለም። በመጀመሪያ ኮግዩቲል ተገንብቶ ይጫናል፣ ቀጥሎ አቶምስፔስ፣ ሌሎቹ ከዚያ በኋላ። ቡስትና ጋይልን የመሳሰሉ የውጭ ላይብረሪዎችም (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ቀድመው መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ወይም ቨርዥኑ ካልገጠመ ስክሪኑ በኤረር ይሞላል። ጀማሪ የመጨረሻውን መስመር ይዞ ሲደክም ይውላል፤ የመጨረሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስህተት ያስከተለው ነው። ግንባታው ብዙ ፋይል በአንዴ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ኤረር ከሌሎች ሥራዎች መልእክት ሥር ይቀበራል፤ ስለዚህ ሥራውን አንድ በአንድ አስኪዶ ማየት ያሻል። ሜሞሪ አንሶ ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው ኮምፓይለር መሐል ላይ ሲገደልም፣ ኮዱ ምንም ሳይሆን ጥፋተኛ ይመስላል። ሌላም አለ፦ ሲሜክ ቀድሞ ያገኘውን ላይብረሪ አድራሻ መዝግቦ ያስቀምጣል። አዲሱን ቨርዥን ጭነንም አሮጌውን መጠቀሙን ሊቀጥል ይችላል። ያን መዝገብ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ሊባክን የነበረ ስንት ቀን ያተርፋል።

«ተገንብቶ ያለቀውን ማውረድ እየተቻለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ለዕለት ተጠቃሚ ልክ ነው። ድርጅት ሥራውን የጣለበት ሶፍትዌር ሲሆን ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ሌፍትፓድ የተባለ አሥራ አንድ መስመር ኮድ ባለቤቱ ከጋራ ማከማቻው ሲያነሳው፣ በእሱ ላይ የተደገፉ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ የተገኘበት ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። ተንኮለኛው ኮድ የተቀሰቀሰው ለሕዝብ በወጣው ጥቅል ውስጥ በተጨመረ የግንባታ ስክሪፕት ነው፤ ያ ክፍል ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የደረሰበት፣ ወደ ሰርቨር መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነው። በማከማቻው ያለውን ኮድ ብቻ ያነበበ ሰው አያገኘውም ነበር።

ሌላው ክርክር ኮንቴይነር ነው፤ ሁሉን ነገር በአንድ ላይ አሽጎ ስለሚያስቀምጥ ችግሩን ፈታው ይባላል። ጠቃሚነቱን አልክድም። ሆኖም የታሸገው ነገር ዛሬ የሠራውን ሁኔታ ያቆያል እንጂ ለምን እንደሠራ አይናገርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ላይብረሪ መቀየር ሲያስፈልግ መመሪያውን የጻፈው ሰው ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል። ጥቅሉ ከባድ ነው፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ በየጊዜው ከውጭ ማውረድም አያስተማምንም። የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ከነቨርዥናቸው ተጽፈው፣ ቅጂያቸው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። ጊዜ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ጊዜ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። መመሪያው መሟላቱን ለማወቅ በፕሮጀክቱ ላይ ሠርቶ ለማያውቅ ባልደረባ ባዶ ማሽንና ጽሑፉን ብቻ መስጠት ይበቃል። እሱ ለመጠየቅ የተነሳበት መስመር ላይ ያልተጻፈ ነገር አለ።