ጊጋውን ትተው ዋቱን ይጠይቁ
የገበያ ቅኝት፤ ድሬዳዋ

በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር የሚያገላብጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ «አቦ፣ ካርዷ ስንት ጊጋ ናት?» ሻጩ «ስምንት» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ክርክሩ በዋጋ ላይ ይሆናል። ደላላውም በስልክ የሚያሻሽጠው በዚሁ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ጊጋው የሚናገረው የግራፊክስ ካርዱን የሜሞሪ ስፋት ብቻ ነው። ስለ ካርዱ ፍጥነት፣ ስለሚበላው መብራትና ስለሚተፋው ሙቀት የሚለው ነገር የለም።

ሁለት ባለ ስምንት ጊጋ ካርዶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው የኤኤምዲ «አርኤክስ 580» በአምራቹ የተመደበለት ፍጆታ 185 ዋት ነው። በ2023 የወጣው የኤንቪዲያ «አርቲኤክስ 4060» ደግሞ 115 ዋት ነው፤ በፍጥነትም የፊተኛውን በሩቁ ይቀድማል። ልዩነቱ 70 ዋት መሆኑ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ልጅ ይህ አንድ አምፖል እንደማለት ነው። ዐሥር ኮምፒውተር ገዝቶ ጌም ቤት ለሚከፍት ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በቀን ዐሥር ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ቢሠራ 210 ኪሎ ዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይጨመራል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ በመወሰኑ፣ ዛሬ ርካሽ የመሰለው ካርድ በየወሩ የሚያስከፍለውም አብሮ ያድጋል። በሌላ በኩል፣ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ካርድ ማስመጣት ቀላል ወጪ አለመሆኑ አይካድም። ስለዚህ ሁለቱን ወጪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ መግዛት አያዋጣም።

ካርዱ የበላው ዋት በሙሉ ማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። በጨዋታ ላይ ያለ አንድ ኮምፒውተር በጠቅላላው 300 ዋት ቢወስድ ዐሥሩ 3 ኪሎ ዋት ይሆናሉ። ይህ እንግዲህ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግር የሚወስደው ያህል ነው። በድሬዳዋ ግንቦት፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ምጣድ ጥዶ ከጠዋት እስከ ማታ ደንበኛ ማስተናገድ ማለት ነው።

የአየሩ ነገር ከተነሳ፣ ካርድ የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው። በመሆኑም ሥራው ካልተለወጠና ማራገቢያው በአንድ ፍጥነት ከዞረ፣ ከክፍሉ ሙቀት በላይ የሚጨምረው መጠን ብዙም አይለዋወጥም። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 65 ዲግሪ ያሳየ ካርድ፣ 35 ዲግሪ በሆነ ክፍል ወደ 80 ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ «ቀዝቃዛ ናት» የተባለች ካርድ ድሬ ስትደርስ የምትንተከተከው ከዚህ የተነሳ ነው። (የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ከባሕር ወለል አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀት በመሸከም በኩል ደካማ ነው፤ ግን ብርዱ ይክሰዋል።) ለ«አርቲኤክስ 3060» አምራቹ ያስቀመጠው ጣሪያ 93 ዲግሪ ነው። ካርዶች ወደ ገደባቸው ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ተጫዋቹም «ጌሙ ይጎተታል» ብሎ ወንበሩን ለቆ ይሄዳል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ሌላም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። የኢቴሪየም ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲያበቃ፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ተራገፉ፤ «580» ደግሞ በዚያ ሥራ ከተፈለጉት አንዱ ነበር። (በአገራችን ለቢትኮይን የሚሠሩት ማሽኖች ግን ለዚያ ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ከዚህ ጋር አይገናኙም።) እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ ብልሽት አለበት ማለት አይደለም። ሆኖም ማራገቢያው ያረጀ፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስትም የደረቀ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማወቅ ካርዱን መፍታት አያስፈልግም። «ጂፒዩ-ዚ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም የካርዱን ዋት፣ ሙቀትና የማራገቢያ ፍጥነት ያሳያል። ከባድ ጌም ከፍቶ ሃያ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነው። «ሆት ስፖት» የሚለው የቺፑ እጅግ የጋለ ቦታ ነው፤ ይህ ከመደበኛው ሙቀት በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ቢበልጥ የተለመደ ነው። ልዩነቱ 30 ከደረሰ ግን ፔስቱን ወይም አቧራውን መጠርጠር፣ ዋጋም ማስቀነስ ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩን አብርቶ ዴስክቶፑን ብቻ ማሳየት ፈተና አይደለም፤ ሥራ የፈታ ካርድ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

ከካርዱ ይልቅ ገዢን የሚያከስረው አንዳንዴ ፓወር ሰፕላይ ነው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ጎኑ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ብቻ ከሆነ ግን፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚቀዱት ከዚያው መስመር ነው። 185 ዋት የሚበላ ካርድ በዚህ ላይ ቢሰካ ኮምፒውተሩ ጌሙ መሐል ድርግም ይላል፤ ገዢው ግን ካርዱን ተሸክሞ ሻጩ ዘንድ ይመለሳል። ሁለቱም ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ጥፋተኛው ቤት ቀርቷል።

ካርዱን አስቀድሞ ለገዛ ሰውም መላ አለ። የቴሌቪዥኑ ወይም የሞኒተሩ ስክሪን በሴኮንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ሳለ ካርዱ 140 ቢሥል፣ ትርፉ በአብዛኛው መብራትና ሙቀት ነው። ጌሙን በ60 መገደብ ዋቱን ወዲያው ያወርደዋል። «ኤምኤስአይ አፍተርበርነር» በተባለው ነፃ ፕሮግራምም የካርዱን የኃይል ጣሪያ ወደ 80 በመቶ ማውረድ ይቻላል። በብዙ ካርዶች ላይ የሚቀንሰው ፍጥነት ተጫዋቹ የማያስተውለው ያህል ነው። የፕሮግራሙ ስም የተወሰደበት ኩባንያ፣ እንደ አሱስና እንደ ጊጋባይት ሁሉ፣ የታይዋን ነው፤ የገበያችን ሞክሼ የሆነችው የታይዋን።