ነጭ ዓሣ የሚባል ዓሣ የለም

ደባርቅ ተቀምጦ ስለ ዓሣ የሚጽፍ ሰው ነገረኛ ይመስላል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ገበያዋ በገብስና በበግ ይደምቃል፤ ነሐሴ ላይ ጋቢ ደርበውም ያንዘፈዝፋል። ስለ ዋልያ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። ዋልያ ግን ጠበቃ አላጣም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፤ ፓርኩም እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የእኔ ወዳጅ በጎንደር መንገድ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የሚመጣው፣ ምግብ ቤቱ ሁሉ «ነጭ ዓሣ» እያለ የሚሸጠው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍልሰታ ጾም ከማዘወትረው አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቻለሁ፤ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ በጾም ወቅት ገበያው እንደሚደራ ግን ማንም ያውቃል። የቤቱ ባለቤት ጓሮ ውስጥ ሳፋ ፊታቸው አስቀምጠው ቢላ ይስላሉ። እንደ ወትሮው ፊሌቶ ስላልተገኘ ዓሣው ከነራሱ፣ ከነሆዱ መጥቶላቸዋል። አንዱን አጋድመው ሆዱን ሲሰነጥቁት ሁለት ከረጢት ሙሉ ቢጫ እንቁላል ዝርግፍ አለ። ፍሬው ከጤፍ ይተልቃል፣ ከማሽላ ያንሳል።

«እትየ፣ ይኼ ከየት የመጣ ነው?» አልኩ።

«ከጎርጎራ ነው አሉኝ። ምነው፣ ሸተተህ እንዴ?»

«አይ፣ እርጉዝ ናት።»

«ኧረ ሂድ! ዓሣ ደግሞ ያረግዛል?» ብለው ሳቁብኝና እንቁላሉን ለውሻው ወረወሩት።

ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሰነጠቁ፤ ያው ነው። ውሻው ጠገበ። ያን ጊዜ ዓሣውን ያመጣው ሾፌር ሻይ እየጠጣ ነበርና ጠየቅሁት። «ከመገጭ ወንዝ አፍ ነው» አለኝ፤ «ክረምት ላይ እዚያ ዓሣ እንደ ጉድ ነው። መረብ ጣል ማድረግ ብቻ ነው፣ አያልቅም!»

«አያልቅም» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መሠረታዊውን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ከጣና ሐይቅ ለገበያ የሚወጣው ዓሣ በአስጋሪው አፍ ሦስት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቀረሶ ቲላፒያ ነው። አምባዛ ጢማሙና ቅርፊት አልባው ነው። ሁለቱንም የማያውቅ ስለሌለ ለእነሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላፈስም።

ነጭ ዓሣ ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ሳይንቲስቶቹ ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን ነው፤ ጣና ውስጥ 15 ዝርያ ተቆጥሮለታል፣ 17 የሚያደርሱትም አሉ። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም ላይ የትም የሉም። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሰፋም ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዓባይ በኩል ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ተገትሮ ከታች የሚመጣን ዓሣ ሁሉ ይመልሳል። ከፏፏቴው በላይ የቀሩት አያቶች እርስ በርሳቸው ሐይቁን ተከፋፈሉት። አንዱ ጥልቁን ያዘ፣ አንዱ ዳሩን፣ አንዱ ድንጋያማውን፤ በየመብሉም አፋቸው ተለየ።

ስለ አፋቸው ከጀመርኩ ማቆም ይቸግረኛል። ጎርጎራ ወደብ ላይ ጠዋት ታንኳ ሲራገፍ ቁጭ ብላችሁ እዩ። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ከሥር ለቃሚ ነው። አንዱ ከንፈሩ እንደ እብጠት ወፍሮ ይንጠለጠላል። ሌላው አፉን ሲከፍት ጡጫ ያስገባል። አንዱ ዓይኑ ከፊቱ ይበልጣል፤ አንዱ አፍንጫው ሹል ነው። ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው፤ በላቲኑ «አፈ ሰፊ»፣ «ዓይነ ትልቅ»፣ «ራሰ አጭር»፣ «ጢመ ወፍራም» ተብለዋል። አንዱ በጎርጎራ ስም ይጠራል፣ ጎርጎሬንሲስ ነው። አንዱ ደግሞ ትሩቲፎርሚስ ይባላል፣ ትራውት መሰል ማለት ነው፤ ትራውት የሳልመን ዘመድ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ይኼ ነው። እነዚህ ዓሦች ካርፕ ከሚባለው ቤተሰብ ናቸው፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሣ አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፣ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ ፍጡር ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል ብሎ ማን ይጠብቃል? የጣናዎቹ ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ሆነዋል። ያለ ክራንቻ አንበሳ የሆኑ ናቸው ማለት ነው። ፊሌቶ ሆኖ ሳህናችን ላይ ሲቀርብ ግን አፍ የለ፣ ዓይን የለ፣ ሆድ የለ። ሁሉም ነጭ ሥጋ ነው፣ ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ነው። ሰው መልኩን አይቶት የማያውቀውን ነገር ሲያልቅም አያይም።

መልካቸውን ለሳይንሱ መጀመሪያ የለየው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ተቀምጦ ነበር። ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ደግሞ ከጣና ነጭ ዓሦች በርከት ያሉትን ለይቶ ስም ሰጣቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዞ ነው። ዋልያው ፓርክ ተሠራለት፤ ፓርኩ አደጋ ላይ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 ከጥቁሩ መዝገብ ሲገባ ዓለም ጮኸ፣ በ2017 ሲወጣ ደግሞ ደስ አለን። ዓሣውን ግን በጉላሽ በላነው።

አሁን ወደ ሾፌሩ «አያልቅም»። ከነጭ ዓሦቹ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን ሐይቅ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰቡና ሽቅብ ይወጣሉ። በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ወጥተው ወደ ገባር ጅረቶች ይገባሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ የጠራና የሚሮጥ ውኃ ነው፤ ደለል የሸፈነው እንቁላል ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ሾፌሩ ያየው ብዛት የተረፈ ሀብት አይደለም። የሰፊው ሐይቅ እናቶች በአንድ በር ላይ ተሰልፈው ነው። ሠርግ ቤት በር ላይ የቆመን ሕዝብ አይቶ «አገሩ በሰው ተጥለቅልቋል» እንደ ማለት ነው።

በዚያ በር ላይ መረብ ሲዘረጋ ምን እንደሚሆን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣና ላይ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ፤ ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ ከዳር ብዙም የማይርቅ ሥራ ነበር። የባሕር ዳርና የሆላንዱ የዋኸኒንገን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የሰበሰቡትን ሲያነጻጽሩ የትላልቆቹ ነጭ ዓሦች መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ ተገኘ። የልጆቹ ደግሞ ከዚያም ብሶ 90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቀረሶ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ የሚያሳድግ፣ ቶሎ የሚደርስ ዓሣ ስለሆነ ይህን ያህል አልተጎዳም። ነጭ ዓሣ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው።

መጨረሻውን ማየት የሚፈልግ ፊሊፒንስን ይመልከት። ላናዎ በሚባል ሐይቅ የጣናን የመሰለ የካርፕ ወገን ነበረ። ከውጭ የገባ ዓሣና ያልተገራ ማስገር በሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ17ቱ ዝርያዎች 15ቱ ጠፍተዋል ተብሎ ተመዘገበ። በዓለም ላይ የቀረው እንዲህ ያለ ትልቅ ቤተሰብ የእኛው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በዋሽንግተንና በኦሪገን ወንዞች ላይ፣ ሰዎች ለሳልመን አንድ ዘዴ አበጅተዋል። በሰው እጅ ተፈልፍለው የሚለቀቁት ጫጩቶች ከጀርባቸው ኋላ ያለችው ትንሽ የስብ ክንፍ ትቆረጣለች። አስጋሪው ዓሣ ሲይዝ ክንፏን ያያል፤ ከሌለች ይወስዳል፣ ካለች የወንዙ ልጅ ነው ብሎ ከነሕይወቱ ይመልሳል። መርጦ ማስገር ይሉታል። ይህን ያነበበ አንድ ወዳጄ «እኛስ ለምን አናደርገውም?» አለኝ። አይሆንም። አንደኛ፣ ነጭ ዓሣ የስብ ክንፍ የሚባል ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ የጣና መረብ ዓሣውን ስንጥቡ ላይ አንቆ የሚይዝ ነው፤ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ሲነሳ የሚመለስ ነፍስ የለም። የመረቡ ዓይን ትልቁን ከትንሹ ይለያል እንጂ አፈ ሰፊውን ከራሰ አጭሩ፣ እርጉዟን ከመካኗ አይለይም። ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭኑ መረብ ደግሞ ያንኑም አይለይ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ይሰበስባል።

ስለዚህ በእኛ አገር መርጦ ማስገር ማለት ጊዜና ቦታ መምረጥ ነው። በክረምት ከወንዝ አፍ መራቅ፣ በቀረው የሐይቁ ክፍል ላይ መሥራት፣ ያው ነው። አስጋሪውን ዓመቱን ሙሉ ረሃብ ላይ ጣሉት አላልኩም። የፓስፊኩ ሳልመን እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል፤ የእኛዋ ግን ወደ ሐይቁ ተመልሳ በሌላ ክረምት ደግማ ትወጣለች። አንዷን መግቢያው ላይ የያዘ የብዙ ክረምት እንቁላል ነው የያዘው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 የዩኔስኮ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ወረቀቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ነሐሴ ላይ ወንዝ አፍ ዝናብ እየመታው የሚቆም ሰው ነው።

ብርብራ ለሚወቅጡት ደግሞ ለብቻቸው አንድ ቃል አለኝ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ጅረት ውስጥ መበተን ጥንታዊ ብልሃት ነው ይባላል። ጥንታዊነቱን አልክድም። ነገር ግን ዱቄቱ ዓሣውን ትንፋሽ ይነሳዋል፤ ለመብል የምትፈልጉትን አምስቱን ብቻ ሳይሆን ጅረቱ ውስጥ ያለውን ጣት የማታህል ጫጩት ሁሉ ገልብጦ ያንሳፍፈዋል። ደግሞ ይኼን የሚያደርጉት ዓሦቹ ሊወልዱ በወጡበት ወንዝ ነው። ከመገጭና ከጉማራ ዳር ጠጠርና አሸዋ የሚዝቁትም ቤት እየሠሩ የዓሣ አልጋ እያፈረሱ መሆኑን ቢያውቁት ደግ ነው። በርብ ላይ ግድብ ቆሟል፤ ገበሬው ውኃ ያግኝ፣ አልቃወምም፤ ዓሣ ግን ግንብ አይዘልም።

«ደባርቅን ምን አገባት?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከእኛ ሰማይ የሚወርደው ዝናብ በተከዜ በኩል ነው የሚሄደው። ዳባትን አልፋችሁ ወደ ጎንደር ስትቃረቡ ግን ከደጋው የሚነሳው ውኃ ወደ መገጭ ዞሮ ጣና ይገባል፤ የዚያ ተራራ አፈር ሲሸረሸር ደለሉ የሚያርፈው እንቁላሉ ላይ ነው። እምቦጭ የሚባለው አረምም ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው እዚያው መገጭ አፍ አካባቢ ነው። ደግሞ በልተነዋል፤ የበላ ያገባዋል።

ባለፈው ፍልሰታ እዚያው ቤት ሄድኩ። እትየ ጓሮ ከአንድ ነጋዴ ጋር ይሟገታሉ። ሳፋው ውስጥ ያሉትን ዓሦች አንድ በአንድ እያነሱ ሆዳቸውን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፤ የተነፋውን ወደ ማዳበሪያው ይመልሳሉ። ነጋዴው ተቆጥቷል። እኔ ግን ልቤ ሞቀ፣ ስብከቴ ሠራ አልኩ።

«እትየ፣ እርጉዞቹን ተዉአቸው አይደል?»

«ምን ላድርግ ወንድም ዓለም» አሉኝ፣ እጃቸውን እያለቀለቁ፤ «ለውሻ የምጥለውን እንቁላል በኪሎ እየመዘነ ሲያስከፍለኝ ኖሯል!»