ወንድ ልጅ ጡት ሲያወጣ፦ ስብ ነው ወይስ ዕጢ?

የ13 ዓመት ልጅ ማልያውን ማውለቅ ከጠላና ትከሻውን አጥፎ መሄድ ከጀመረ ደረቱን እየደበቀ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብም «ወፍረሃል፣ ምግብ ቀንስ» ይለዋል። አስቀድሞ ግን መለየት ይገባል።

ልጁ ከፈቀደ እጆቹን ከራሱ ሥር አድርጎ በጀርባው ይተኛ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ደረቱን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጡቱ ጫፍ አቀራርቡ። ልክ ከጫፉ ሥር እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ፣ ጠጠር ያለ ነገር ካገኛችሁ የጡት ዕጢ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ካንሰር ማለት አይደለም። ሲነካም ሊያመው ይችላል። ጣቶቻችሁ ምንም ሳያግዳቸው ጫፉ ድረስ ከተገናኙ ስብ ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜም አለ።

በጉርምስና ሆርሞን ሲለዋወጥ ዕጢው በብዙ ወንዶች ላይ ያድጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ምግብ መከልከልም ሆነ ፑሽ አፕ አያጠፋውም። ስብ ከሆነ ግን ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ መቀነስ፣ መሮጥና መጫወት ይረዳል።

ከጉርምስና በፊት ከታየ፣ ቶሎ ቶሎ ካደገ ወይም የዘር ፍሬው ላይ እብጠት ካለ ሐኪም ይየው።

አያቶችም ላይ ይከሰታል። እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶች ያመጡታል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ግን አያቋርጡ። ከጫፉ ወደ ጎን ያለ ጠንካራ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የጡት ካንሰር ወንድንም ይይዛል።

ልጁን ግን «ሴት ሆንክ» ብሎ የሚቀልድበት በቤት ውስጥ አይኑር።