ጣሳው ላይ አበባ አለ፣ ውስጡስ? የጃፓን የወቅት መጠጦች

ጃፓን ውስጥ መጠጥ ከወቅቱ ጋር ልብሱን ይቀይራል። ሳኩራ የሚባለው የቼሪ አበባ ሲፈነዳ የቢራ ጣሳው ሮዝ ይሆናል፤ ቅጠል ሲረግፍ ቀይ ቅጠል ይሳልበታል። ሳፖሮ የተባለው ፋብሪካ የብርድ ወቅት ቢራውን በ1988 አወጣ፤ ኪሪን ደግሞ በ1991 የመኸር ቢራ ይዞ መጣ። ያምራል። እኛ ነርሶች ግን ከሠራዊት ተፈትተው ወደዚያ ለሚጓዙ ልጆቻችን የምንላቸው፣ ከሥዕሉ በፊት ውስጡን እዩ ነው።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው አማዛኬ ነው። ስሙ «ጣፋጭ ሳኬ» ማለት ነው፤ ነጭና ወፍራም ሲሆን፣ በአዲስ ዓመት ብርድ በየቤተ መቅደሱ ትኩስ ትኩሱን ይቀዳል። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ከሩዝና ከኮጂ ይሠራል። ኮጂ የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ሻጋታ ያደገበት ሩዝ ነው፤ ይህ አልኮል የለውም። ለጠጅ ብርዝ እንደሆነው ሁሉ፣ ለሳኬም እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው የሚሠራው ከሳኬካሱ፣ ማለትም ሳኬው ተጨምቆ ከሚቀረው አተላ ነው። አተላው 8 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል። በውሃ ቀጥነው፣ ስኳር ጨምረው ያፈሉታል፤ ሲፈላ ግን አልኮሉ ሁሉ አይተንም። በጃፓን ሕግ ከ1 በመቶ በታች አልኮል ያለው መጠጥ እንደ አልኮል መጠጥ ስለማይቆጠር፣ ከጭማቂ ጋር ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እርጉዝ ሴት፣ ልጅ የያዘ ወላጅ፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው «ኮጂ ወይስ ሳኬካሱ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱ ቃላት ይበቃሉ።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ በኮጂውም አይዘናጋ። «ስኳር አልተጨመረበትም» ቢባል እውነት ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን ከራሱ ከሩዙ የመጣ ስኳር ነው። በ100 ግራም ውስጥ 18 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ፤ አንድ 200 ግራም ኩባያ 36 ግራም ሆነ ማለት ነው።

ከአማዛኬ ይልቅ የሚያሰጋን ግን ቹሃይ ነው። ጠንካራ መጠጥ በሶዳና በፍራፍሬ ጣዕም ተበርዞ በጣሳ ይሸጣል፤ በየወቅቱ ኮክ፣ ወይን ወይም ሎሚ ስለሚሳልበት ለስላሳ ይመስላል። 9 በመቶ የሚደርስ አለ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ በመቶ፣ ከዚያም በ0.8 ማባዛት። 500 ሚሊ ሊትር ባለ 9 በመቶ ጣሳ 36 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። የጃፓን ጤና ሚኒስቴር በ2024 ባወጣው መመሪያ በቀን 20 ግራም ለሴት፣ 40 ግራም ለወንድ የበሽታ አደጋን ከሚጨምር መጠን ይቆጠራል። አንድ ጥንቃቄ፦ የጭማቂው መጠንም በ% ስለሚጻፍ ቁጥር ብቻ አይታመንም። ጣሳውን ለሻጩ አሳይታችሁ «ኦሳኬ?» በሉ፤ አልኮል ነው ወይ ማለት ነው። ለዓይነ ስውራን በብዙ ጣሳዎች ክዳን ላይ ይኸው ቃል በብሬል ተቀርጿል።

የመጠጫ ዕድሜ እዚያ 20 ነው፤ በ2022 የአዋቂነት ዕድሜ ወደ 18 ሲወርድም አልተቀየረም። ጠጥቶ ከሚነዳ ሰው ጋር እያወቁ መሳፈርም ያስቀጣል።

በበጋ ሙቀት የምንመርጠው ሙጊቻን ነው። የተቆላ ገብስ በውሃ ተነክሮ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ሲሆን አልኮልም፣ ስኳርም፣ ካፌይንም የለው፤ ሽታው የገብስ ቆሎ ያስታውሳል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ብቻ ገብስ ነውና ይተወው።