የዕቃ ባቡር ፎቶ ማን ያነሳል?

ዋይሊን የምታውቋት ከሆነ፣ የምታውቋት በቤት ዋጋ ወይም በላቮን ሐይቅ ይሆናል። እኔ የማውቃት በባቡሯ ነው። ከሐይዌይ 78 ጎን በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ረጃጅም የዕቃ ባቡሮች ይመላለሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የኮንቴይነር ማራገፊያም እዚችው ከተማ ውስጥ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብን ያየ ሰው ሥራውን ለመረዳት አይቸገርም። ከሜክሲኮ ወደብ የተነሳ ኮንቴይነር በባቡር መጥቶ እዚህ ይራገፍና በከባድ መኪና ወደየመጋዘኑ ይበተናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ የምቆመው እዚያ አካባቢ ነው።

ሰው ይስቃል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን «ሰው ሙሽራ ያነሳል፤ አንተ ፉርጎ?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ የዕቃ ባቡር የሚሸኘውም የሚቀበለውም ዘመድ የለውም።

መጀመሪያ ያስቆመኝ ቀለሙ ነው። ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን የተባለው ኩባንያ ሎኮሞቲቮቹን የሚቀባቸው ቀይ፣ ቢጫና ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ድፍን አረንጓዴ ነበር። አዎ፣ እናንተ ያሰባችሁትን ነው እኔም ያሰብኩት። ከባንዲራችን ጋር ግን ዝምድና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ ከጀመረው «ሳውዘርን ቤል» ከሚባል የመንገደኛ ባቡር የተወረሰ ነው። በሚያዝያ 2023 ኩባንያው ከካናዲያን ፓሲፊክ ጋር ተዋሕዶ ካናዳን፣ አሜሪካንና ሜክሲኮን በራሱ ሐዲድ የሚያገናኝ ድርጅት ሆነ። የአዲሱ ድርጅት ቀለም ቀይ ነው። አሮጌዎቹ ተራ በተራ እየተቀቡ ስለሆነ፣ ሐዲድ ዳር የማገኛቸው ጡረተኛ አሜሪካውያን ሩጫ ላይ ናቸው። እያንዳንዷን ሎኮሞቲቭ በቁጥሯ ያውቋታል፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስንት ፉርጎ እንደጎተተች ሳይቀር ይመዘግባሉ።

እኔ ግን ከትልቁ ይልቅ ትንሹን እወዳለሁ። ዳላስ፣ ጋርላንድ ኤንድ ኖርዝኢስተርን የሚባል የአካባቢ ኩባንያ አለ፤ ከየፋብሪካው ጥቂት ጥቂት ፉርጎ እየለቀመ ለትልልቆቹ ያስረክባል። እንዲህ ባሉ ትንንሽ መስመሮች ላይ የሚበዛው ጂፒ 38-2 የሚባለው ሎኮሞቲቭ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1986 የተሠራ፣ ባለ 2 ሺህ የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ነው። ከብዙዎቻችን ይበልጣል በዕድሜ! ዛሬም ይሠራል።

አነሳሱ ብዙ ጥበብ የለውም። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ፣ ፊቱም ጎኑም እንዲታይ ሰያፍ መቆም ነው። ከመሻገሪያው 15 ወይም 20 ሰከንድ ቀድሞ ጥሩንባው ይሰማል፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። እስከዚያ ካልተዘጋጃችሁ አመለጣችሁ። ሐዲዱ የኩባንያ ይዞታ ስለሆነ የምንቆመው ሕዝብ በሚተላለፍበት መንገድ ዳር ነው፤ በሰዓት 55 ማይል የሚከንፍ የዕቃ ባቡር ለመቆም አንድ ማይል ያህል ይፈልጋልና ቀልድ የለውም። አንድ ጊዜ ፖሊስ መኪናውን አቁሞ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። ልቤ ወደ አገር ቤት በረረ፤ ድልድይና ጣቢያ ፊት ካሜራ ያወጣ ሰው ዘበኛ ምን እንደሚለው ታውቁታላችሁ። ፖሊሱ «የባቡር ወዳጅ ነህ?» አለና ሄደ።

ይሄ ነገር ነው ወደ ራሳችን ባቡር የመለሰኝ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917። ድሬዳዋን የፈጠራት ባቡሩ ነው፤ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከታች ሜዳው ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈበት መስመር፣ ትልቁ የፎቶ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ያዘጋጀውም ሁግ ፎንቴን የተባለ ፈረንሳዊ። ሰውየው ይመስገን፣ ቅሬታዬ እሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ በኛ እጅ ያለው ፎቶ አልበም ውስጥ ስም አልባ ሆኖ መቀመጡ ላይ ነው።

ጋርላንድ የሚኖሩ አንድ የድሬ ሰው አሉ፤ አባታቸው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ባቡር እንደማነሳ ሰምተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። ስምንት ሰዎች ሎኮሞቲቭ ፊት ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«ይሄ አባቴ ነው። ይሄኛው ብየዳ ክፍል ነበር፣ ስሙ ጠፋብኝ። ሌሎቹን እንጃ ልጄ፤ እማዬ ነበረች የምታውቃቸው።»

የሎኮሞቲቩ ቁጥር ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ፎቶውን በስልኬ ገልብጬ ሐዲድ ዳር ለማውቀው አንድ ጡረተኛ ላክሁለት። በማግስቱ የት ፋብሪካና መቼ እንደተሠራች ጽፎ መለሰልኝ። ድሬዳዋን በካርታ እንኳ አያውቃትም! የብረቷ ታሪክ በአንድ ሌሊት ተገኘ፤ የሰዎቹን ስም ግን ቁጥር ቆጥሮ የሚያገኝ የለም፣ የሚያውቁት ደግሞ እያለፉ ነው።

ፎቶ ሲባል አዲስ ካሜራ የሚታያችሁ ወጣቶች፣ እሱም ጥሩ ነው። ለክረምት አገር ቤት የምትገቡ ተማሪዎች ድሬዳዋ አሮጌውን ወርክሾፕ አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ማሽኖቹም አሮጌ ሎኮሞቲቮቹም እዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም ነገ አሮጌ መሆኑ አይቀርም፤ የዛሬ ነጂዎቹን ዛሬ ማንሳት ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን የእናታችሁን አልበም አውጡ፤ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አስቆጥሯቸው። ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ያልፋል።

ከስምንቱ እስካሁን ሦስቱን አውቀናል። ብየዳ ክፍል የነበሩትን ጅቡቲ ያሉ የልጅነት ጎረቤት በስልክ አስታወሱ፤ ሌላውን ቶሮንቶ ያለች የልጅ ልጃቸው ለየቻቸው። ከግራ ሦስተኛው፣ የዘይት ጣሳ የያዙት ቀጭን ሰው፣ ለብቻቸው ይስቃሉ። ቤታችሁ ውስጥ ከዚራ ወይም ለገሃሬ ያደገ ሰው ካለ ፎቶውን ልልክላችሁ እችላለሁ።