ስሙ ከመገለጡ በፊት

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሐዲድ የሚባል የምንጣፍ እጥበት ድርጅት በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሰባት ሰዎችን ከሰሰ። ማን እንደሆኑ ግን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው፣ ደንበኞች አስተያየት በሚሰጡበት «የልፕ» ላይ ሥራውንና ዋጋውን እየነቀፉ በቅጽል ስም መጻፋቸውን ብቻ ነው። መዝገቤን ባገላብጥ ከጽሑፎቹ ጋር የሚገጥም ደንበኛ አጣሁ፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ደንበኞቼ ላይሆኑ ይችላሉ አለ። ስማቸውን እንዲሰጥ የልፕ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቢጠየቅ አሻፈረኝ አለ።

የዚህ ዓይነቱ ሙግት ዕድሜው ከኢንተርኔቱ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። ሐሰት ጽፎ የሰው ገበያ ማበላሸት እንደሚያስጠይቅ ማንም አይክድም። የሚያከራክረው ቅደም ተከተሉ ነው፦ የጸሐፊው ስም ለከሳሹ የሚሰጠው ማስረጃ ከቀረበ በኋላ ነው ወይስ ክሱ እንደተከፈተ?

ታዲያ ድረ ገጹን ራሱን መክሰስ አይቀልም ወይ? አሜሪካ ውስጥ አይቻልም፤ ያልተቻለበትም ምክንያት ትንሽ ያስቃል። በ1994 ፕሮዲጂ በተባለ የኮምፒውተር አገልግሎት ላይ አንድ ያልታወቀ ሰው ስትራተን ኦክሞንት የተሰኘውን የአክሲዮን ደላላ ድርጅት አጭበርባሪ ብሎ ጻፈ። ድርጅቱ ፕሮዲጂን ከሰሰ። የኒውዮርክ ዳኛ በ1995፣ ፕሮዲጂ ነውረኛ ጽሑፎችን እያጣራ የሚያነሳ ስለሆነ እንደ ጋዜጣ አሳታሚ ይጠየቃል ብለው ወሰኑ። እንዲህ ከሆነ ቤቱን የሚጠርግ ይቀጣል፣ ቆሻሻውን የሚተው ነጻ ይወጣል። ኮንግረስ ይህን ለማረም በ1996 «ክፍል 230» የሚባለውን ድንጋጌ አወጣ፤ ድረ ገጾች ሌላ ሰው በጻፈው እንደ አሳታሚ አይጠየቁም። ስሜ ጠፋ ያለው ስትራተን ኦክሞንት በመጨረሻ በእርግጥም አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ፤ መሥራቹ ጆርዳን ቤልፎርት ታሰረ፣ ታሪኩም «ዘ ዎልፍ ኦፍ ዎል ስትሪት» ተብሎ ፊልም ሆነ።

ድረ ገጹ ከተጠያቂነት ሲወጣ ክሱ ወደ ጸሐፊው ዞረ። መንገዱ የታወቀ ነው። ከሳሹ በ«እገሌ» ስም መዝገብ ያስከፍታል፤ ከድረ ገጹ የጸሐፊውን ኢሜይልና የኢንተርኔት አድራሻ ያስወጣል፤ ቀጥሎ የኢንተርኔት አቅራቢው ኩባንያ ያ አድራሻ የማን እንደሆነ እንዲናገር ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጸሐፊው ላይሰማ ይችላል። በ1999 የጦር መሣሪያ አምራቹ ሬይቲዮን በያሁ መድረክ ላይ ምስጢሬን አወጡ ያላቸውን 21 እገሌዎች ከሰሰ። ያሁ ማንነታቸውን አሳወቀ። አንዳንዶቹ የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩ፣ ሥራቸውን የለቀቁም አሉ። ከዚያ ኩባንያው ክሱን አነሳ። የተፈለገው ስሙ ብቻ ነበር ብሎ የሚጠረጥርን ሰው ተጠራጣሪ ማለት ይከብዳል።

ስም ሳይገልጹ ነጋዴን መንቀፍ ግን በኢንተርኔት አልተጀመረም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሪ ወረቀት የሚበትን ሁሉ የጸሐፊውንና የአሳታሚውን ስም እንዲያሰፍርበት የሚያዝ የከተማ ደንብ ነበር። ታሊ የሚባል ሰው ለጥቁሮችና ለሜክሲኮ ተወላጆች እኩል የሥራ ዕድል የማይሰጡ አምራቾችን ዕቃ ከሚሸጡ ነጋዴዎች አትግዙ የሚል ወረቀት፣ የግለሰብ ስም ሳይኖርበት በተነ፤ 10 ዶላር ተቀጣ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ደንቡን ውድቅ አደረገው። ስም የማስቀረት መብት ከመናገር መብት ጋር የተያያዘው እንዲህ ባለ የገበያ አድማ ጭምር ነው፤ የዛሬዎቹ የድርጅት ጠበቆች ይህን ብዙ አያነሱትም።

የኋላው ክርክር ሁሉ የሚዞርበት ፍርድ የተሰጠው በ2001 ኒውጀርሲ ውስጥ ነው። ለመድኃኒት ኩባንያዎች ሶፍትዌር የሚሠራው ዴንድራይት፣ የሂሳብ አያያዙን የነቀፉና ኃላፊው ኩባንያውን በምስጢር ሊሸጡት ነው ያሉ ጽሑፎች ያሁ ላይ ወጡበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስም ከመገለጡ በፊት ከሳሹ ማለፍ ያለበትን ፈተና አወጣ። መጀመሪያ፣ ክስ እንደቀረበ ለጸሐፊው በዚያው በጻፈበት ቦታ ይነገረው፤ ስሙን ሳይገልጽ በጠበቃ እንዲከራከር ጊዜ ያግኝ። ከሳሹ ሐሰት የሚለውን ቃል በቃል ይጥቀስ፤ ለእያንዳንዱ የክስ ነጥብም ማስረጃ ያቅርብ። ይህን ሁሉ ካሟላም ዳኛው የክሱን ጥንካሬ ከጸሐፊው መብት ጋር ይመዝናል። ዴንድራይት ጽሑፎቹ የአክሲዮኑን ዋጋ እንደጎዱት ማሳየት ስላልቻለ የ«እገሌ ቁጥር 3» ስም አልተሰጠውም። ብዙ ግዛቶች ይህንን ወይም ተቀራራቢውን መለኪያ ይዘዋል።

ቨርጂኒያ ግን የራሷ ሕግ አላት፤ ከሳሹ በቅን ልቦና የተመሠረተ በቂ ምክንያት እንዳለው ማሳየቱ ይበቃል። በሐዲድ ጉዳይ የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 ስማቸው ይሰጥ ሲል ያቀረበው ምክንያት ብልህ ነው፦ አስተያየት በሕግ የሚጠበቀው አገልግሎቱን ያገኘ ሰው ሲሰጠው ነው፤ ጸሐፊው ደንበኛ ካልነበረ ግን ጽሑፉ የቆመው በሐሰት ላይ ነው። አንድ ዳኛ በሐሳብ ተለዩ። ከመዝገቤ አጣኋቸውና ደንበኞች ላይሆኑ ይችላሉ ማለት ብቻውን ስም አያስገልጥም አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ በቅጽል ስም የሚጽፍ ሰው ከደንበኛ መዝገብ ጋር አለመግጠሙ ምን ይገርማል? ሆኖም አነስተኛ ድርጅትን በሐሰት አስተያየት የሚያከስር ተፎካካሪ መኖሩም እውነት ነው። በደንብ የተያዘ ደረሰኝና የቀጠሮ መዝገብ ያለው ነጋዴ ግን የዴንድራይትን ፈተና የማያልፍበት ምክንያት አይታየኝም። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ዋናውን ጥያቄ ሳይነካ፣ የልፕ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ስለሆነ እዚያ ሂዱ ብሎ ትእዛዙን ሻረ።

ሌሎች አገሮችም አልተስማሙም። የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ስም የማስገለጥ ሥነ ሥርዓት በሕግ ስላልተደነገገ ጉዳዩ የአገሪቱ ፓርላማ የክኔሴት ነው አለ። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2014 ስለ ሐኪም በተጻፈ አስተያየት ስም እንዲሰጥ አላዘዘም፤ በኋላ ግን ሕጉ ተለወጠ። አውስትራሊያ ውስጥ በ2020 ለአንድ የጥርስ ሐኪም ሲባል ጉግል የጸሐፊውን መረጃ እንዲሰጥ ታዟል።

በ2022 ደግሞ ዙሩ የተባለው አሻንጉሊት አምራች፣ ሠራተኞች ስለ ቀጣሪዎቻቸው በሚጽፉበት «ግላስዶር» ላይ የነቀፉትን የቀድሞ ሠራተኞች ኒውዚላንድ ውስጥ ለመክሰስ ፈልጎ ካሊፎርኒያ መጣ። የፌዴራሉ ዳኛ የኒውዚላንድን ሕግ መሠረት አድርገው ስማቸው እንዲሰጥ አዘዙ። ጽሑፉ የተቀመጠው አሜሪካዊ ድረ ገጽ ላይ መሆኑ ጸሐፊዎቹን አላዳናቸውም። በባሕረ ሰላጤው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል፦ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ሕግ በኢንተርኔት መሳደብን በወንጀል ስለሚቀጣ፣ ዱባይ ተቀምጦ ቀጣሪውን ወይም ኤጀንሲውን በጽሑፍ የነቀፈ ሰው ስሙ ሲገለጥ የሚጠብቀው የካሳ ክስ ብቻ ላይሆን ይችላል።